ኮምባይነሩ ከማሳው ሳይወጣ

በአሜሪካዋ ሳውዝ ዳኮታ ግዛት የፌዛንት አደን የሚከፈትበት ቀን በሕግ የተቆረጠ ነው፤ የኦክቶበር ወር ሦስተኛው ቅዳሜ፣ በእኛ አቆጣጠር ከረፋዱ 4 ሰዓት። ከየግዛቱ የመጡ አዳኞች ብርቱካንማ ሰደርያቸውን ለብሰው፣ ውሾቻቸውን ከመኪና አውርደው ሰዓታቸውን እያዩ ይጠብቃሉ። አራት ሰዓት ሲሞላ መተኮስ ይፈቀዳል። የሚተኮስበት ወፍ መኖሩን ግን ሕጉ አያረጋግጥም። ይህን የሚወስነው ከመንገዱ ማዶ ያለው ገበሬ ነው፤ በቆሎውን አጭዶ ከጨረሰ አደኑ ተከፍቷል፣ ካልጨረሰ ደግሞ የተከፈተው በወረቀት ብቻ ነው።

ወፉን ለማያውቅ አንባቢ፦ ፌዛንት የቆቅ ዘመድ ነው፤ ከቆቅ ግን ይገዝፋል፣ በጌጡም ይበልጠዋል። አውራው ደረቱ እንደ መዳብ የቀላ፣ ራሱ አረንጓዴ፣ ፊቱ ደማቅ ቀይ ሲሆን አንገቱን ነጭ ቀለበት ይዞረዋል፤ ጅራቱ ረጅምና ሹል ነው። ክብደቱ ከአንድ ኪሎ ትንሽ ያልፋል። ሴቷ የደረቀ ሳር መልክ ያላት ቡናማ ወፍ ነች፤ በሳውዝ ዳኮታም ሆነ በጎረቤቷ አዮዋ እሷን መግደል ክልክል ነው። ለአንድ አዳኝ በቀን የሚፈቀደው ሦስት አውራ ብቻ ነው። አንድ አውራ ብዙ ሴቶችን ስለሚያጠቃ፣ ከአውራዎቹ አብዛኞቹ ቢገደሉም በሚቀጥለው ጸደይ የሚፈለፈለው ጫጩት አይቀንስም። ይህን እናስታውሰው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ፌዛንት ለአሜሪካ መጤ ነው። በሻንጋይ የአሜሪካ ቆንስላ ጄኔራል የነበረው ኦወን ዴኒ እ.ኤ.አ. በ1881 ወደ ኦሪገን የላካቸው ወፎች አብዛኞቹ መንገድ ላይ አለቁ። በማግስቱ ዓመት የላካቸው ግን ደርሰው ተራቡ። ሳውዝ ዳኮታ ወፉን በ1908 እና በ1909 በስፒንክ ወረዳ አላመደች፤ የመጀመሪያው አደን በ1919 እዚያው ወረዳ ለአንድ ቀን ብቻ ተፈቀደ። በ1930ዎቹ ድርቅና የኢኮኖሚ ውድቀት ዘመን ሰው ጥሎት የሄደ እርሻ ሁሉ ሳር ለበሰ፤ ከዚያም ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አዳኙን ወሰደው። ወፉ ሁለቱንም ተጠቀመበት። በ1943 የግዛቲቱ መለያ ወፍ ተብሎ ተሰየመ፤ በ1945 ቁጥሩ ወደ 16 ሚሊዮን እንደደረሰ ተገመተ። በሂውረን ከተማ ከ20 ቶን በላይ የሚመዝን የፌዛንት ሐውልት ቆሞለታል። ዛሬ የግዛቲቱ ሕዝብ አንድ ሚሊዮን እንኳ አይሞላም፤ አዳኞቹ ግን ወፉ በተመቸው ዓመት ከሕዝቡ ቁጥር በላይ ፌዛንት ይዘው ይገባሉ።

አሁን ወደ በቆሎው።

የፌዛንት ውሎ ያልተወሳሰበ ነው። ሌሊቱን ረጅም ሳር ውስጥ መሬት ላይ ያድራል። ጠዋት ወደ እህል ማሳ ወጥቶ ይለቅማል፤ ቀትር ላይ ከማሳው ብዙም ሳይርቅ ቁጥቋጦ ወይም የአጥር ጥግ ፈልጎ ያርፋል፤ አመሻሹ ላይ እንደገና በልቶ ወደ ሳሩ ይመለሳል። አዳኙ የሚያገኘው በእነዚህ ጉዞዎች መካከል ነው። በቆሎው ቆሞ ሳለ ግን ጉዞ የሚባል ነገር የለም። ምግቡም፣ ጥላውም፣ ከጭልፊት መደበቂያውም አንድ ቦታ ነው። ከላይ ቅጠሉ ይጋርደዋል፤ ከታች ረድፉ ጽዱ ስለሆነ እንዳሻው ይሮጣል። ፌዛንት ደግሞ ካልጨነቀው በቀር አይበርም፤ እግሩን ያምናል። ሁለትና ሦስት ሰው ሆኖ፣ ውሻ አስከትሎ 60 ሄክታር በቆሎ ውስጥ እሱን መፈለግ በገበያ ቀን መርካቶ ውስጥ ሌባ እንደማባረር ነው፤ አለ፣ ድምፁ ይሰማል፣ አይያዝም።

ለዚህ የቆየ መላ አለ። ብዙ ሆነው ይመጣሉ፤ ግማሾቹ በማሳው አንድ ጫፍ ተሰልፈው በረድፎቹ መካከል እየተራመዱ ይነዳሉ፤ ሌሎቹ በማዶው ጫፍ ቆመው መውጫውን ይዘጋሉ። ወፉ እስከ መጨረሻው ሮጦ የሚሮጥበት ሲያልቅ፣ ከቆሙት ሰዎች ፊት ብድግ ይላል። ዘዴው ይሠራል፤ ግን አደገኛ ነው። ነጂውና ዘጊው በቆሎው እስኪያልቅ አይተያዩም፤ ወፉ ዝቅ ብሎ ሲበር ደግሞ የሚተኮሰው ወደ ሰው አቅጣጫ ሊሆን ይችላል። ብርቱካንማው ልብስ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ብዙ ገበሬዎችም ባልታጨደ ማሳቸው ውስጥ ሰው እንዲራመድ አይፈልጉም፤ እግርና ውሻ የረገጠው አገዳ ይወድቃል፣ የወደቀን በቆሎ ኮምባይነር አያነሳውም።

እንግዲህ ሁሉም የሚንጠለጠለው አጨዳው በመድረሱ ላይ ነው። ሳውዝ ዳኮታ በየዓመቱ ከ2 ሚሊዮን ሄክታር በላይ በቆሎ ትዘራለች። በተለመደ ዓመት አደኑ ሲከፈት አኩሪ አተሩ አብዛኛው ገብቷል፤ በቆሎው ግን ከግማሽ በላዩ ገና ቆሟል። ይህ ማለት በመክፈቻው ቅዳሜ ወፉ ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር የሚበልጥ መደበቂያ አለው ማለት ነው። አዳኞቹም ያውቁታል፤ የሚመጡት ግማሹ ለወፉ፣ ግማሹ ለድግሱ ነው። አጨዳው ሲገፋ መደበቂያው በየቀኑ ይጠብባል፣ ወፉም ወደ ቀረው ሳርና ረግረግ ይሰበሰባል። የመጨረሻዎቹ ረድፎች ሲታጨዱ ኮምባይነሩ ፊት ፊት እየሮጡ የሚወጡትን ወፎች አይቶ የማይደነቅ ሰው የለም። ከገበሬው ጋር የተወዳጀ አዳኝ የሚጠብቀውም ያንን የስልክ ጥሪ ነው፤ «ዛሬ ከሰዓት የምዕራቡን ማሳ እጨርሳለሁ» የሚለውን።

ገበሬው የሚያጭደው መቼ ነው? አየሩ ሲፈቅድለት። የበቆሎ ፍሬ አድጎ ሲያበቃ ከክብደቱ ሲሶ ያህሉ ውሃ ነው። ሳይሻግት እንዲከማች ግን እርጥበቱ ወደ 15 በመቶ መውረድ አለበት። በሴፕቴምበር ሙቀትና ነፋስ ፍሬው አገዳው ላይ እንዳለ በቀን እስከ አንድ ነጥብ ያህል ይደርቃል፤ ኦክቶበር አልቆ ብርዱ ሲገባ ያ ፍጥነት ይሞታል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይቆማል። ያኔ ገበሬው ወይ ይጠብቃል፣ ወይ እርጥቡን አጭዶ በፕሮፔን ጋዝ ያደርቃል፤ ጋዙ ደግሞ ገንዘብ ነው። በ2019 ጸደዩ ዝናብ ስለበዛበት ዘሩ ዘግይቶ ገባ፣ መኸሩም እርጥብ ሆነ። ሁሉም ማድረቂያውን በአንድ ጊዜ ሲለኩስ በሰሜኑ የበቆሎ ምድር የፕሮፔን እጥረት ተፈጠረ። ጋዝ ያጣ ገበሬ ምን ያደርጋል? በቆሎውን ባለበት ይተወዋል። ፌዛንቱም አብሮት።

ሌላም መዘግየት አለ። አኩሪ አተር ከደረቀ በኋላ ከዘገየ ፍሬው እየተፈለቀቀ መሬት ላይ ስለሚረግፍ አብዛኛው ገበሬ እሱን ያስቀድማል። ዝናብ ሲመጣ አኩሪ አተሩ ይዘገያል፤ እሱ ሲዘገይ በቆሎው ወረፋ ይጠብቃል። ጭቃውም አለ፤ ጎተራው የሞላ ኮምባይነር በረጠበ መሬት ላይ እስከ ሆዱ ይሰምጣል፤ መሬቱ በውርጭ እስኪጠነክር የሚጠብቅ ገበሬ ብዙ ነው። በመኸር ላይ ያለ ወቅቱ የመጣ ዝናብ ምን እንደሚያደርግ ለእኛ አገር ገበሬ ማስረዳት አያስፈልግም። ልዩነቱ እዚያ የገበሬውን ጭንቀት የሚጋራው አዳኝም መሆኑ ነው።

ለዚህም ነው ብዙ አዳኝ ከግብርና መሥሪያ ቤቱ ሪፖርት ጋር የተላመደው። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ከአፕሪል እስከ ኖቬምበር መጨረሻ፣ በየሳምንቱ ሰኞ፣ በዋሽንግተን ሰዓት ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የሰብል ሁኔታ መግለጫ ያወጣል። የተዘጋጀው ለእህል ነጋዴ ነው፤ በየግዛቱ ስንት በመቶ ተዘራ፣ ስንት በመቶ አሸተ፣ ስንት በመቶ ታጨደ ይላል። ዕረፍት ወስዶ፣ ነዳጅ ሞልቶ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ለመንዳት ለሚያስብ ሰው ግን ከአየር ትንበያው ይልቅ ይህ ሰንጠረዥ ይጠቅመዋል። ሁለት ዓመታትን ብቻ እናነጻጽር። በ2009 በጋው ቀዝቃዛ፣ ኦክቶበር ደግሞ ዝናባማ ነበር፤ ወሩ ሊያልቅ ሲል በመላ አገሪቱ የታጨደው በቆሎ አንድ አምስተኛ ገደማ ብቻ ሲሆን፣ አንዳንዱ ማሳ በረዶ ተጭኖት እስከ ጸደይ ቆየ። በ2012 ደግሞ ድርቁ ሁሉን ነገር አፋጠነው፤ በዚያው ሰሞን ከአሥር እጅ ዘጠኙ ገደማ ገብቶ ነበር። አዳኙና ውሻው ያው ናቸው፤ ሁለቱ መክፈቻዎች ግን አይመሳሰሉም።

እዚህ ላይ ያለኝን አቋም ልናገር። በየዓመቱ ኦክቶበር ሲያልቅ «ወፉ አልቋል» የሚል እሮሮ ይሰማል፤ ከእሮሮው አብዛኛው በቆሎው ስለቆመ የመጣ ነው። ያልታየ ወፍና የሌለ ወፍ ይምታታሉ። አጨዳው በዘገየበት ዓመት በመክፈቻው ሳምንት የሚገደለው ጥቂት ነው፤ ያልተገደለው አውራ ግን የትም አልሄደም፤ ኖቬምበር ላይ ሳሩ ውስጥ ይገኛል፣ ዲሴምበርም ላይ እንዲሁ። ታግሦ የዘገየ አዳኝ በእነዚህ ዓመታት ያተርፋል። አጨዳው ቀድሞ ያለቀበት ዓመት ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ መክፈቻው ይደምቃል፣ ሁሉም ይደሰታል፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ የቀሩት አውራዎች የመኪና በር ሲዘጋ ሰምተው ሁለት ማሳ ርቀው የሚነሡ ብልጦች ብቻ ናቸው።

የአደኑ ቀን አየርም የራሱን ይሠራል። ሙቀትና ደረቅ ነፋስ ለሰው ደስ ይላል፣ ለውሻ ግን መርዝ ነው፤ ሽታ ከደረቅ አቧራ ላይ አይነሣም፣ ወፍራም ጸጉር ያለው ውሻም በረጅሙ ሳር ውስጥ ሲሮጥ ይግላል። በ2003 የመክፈቻ ቅዳሜና እሁድ በሳውዝ ዳኮታ ከወቅቱ ውጭ በመጣ ሙቀት ብዙ አዳኝ ውሾች ሞተዋል። ኃይለኛ ነፋስ ወፉን ያስበረግገዋል፤ የሚመጣበትን መስማት ስለማይችል ገና ከሩቅ ይነሣል። ቀላል በረዶ ግን ጸጋ ነው፤ ዱካው ይታያል፣ ወፉም ሳሩ ሥር ተጣብቆ ይቆያል፣ ውሻው አፍንጫው ሥር እስኪደርስ። ኩሬዎቹና ረግረጎቹ ሰው በሚችል ውፍረት ሲረጉ ደግሞ እስከዚያ ድረስ ማንም ያልረገጠው የፊላ ጥቅጥቅ ይከፈታል። ወፉ ክረምቱን የሚያሳልፍበት ዋናው ምሽግ እሱ ነው።

ይሁን እንጂ ኦክቶበር የሚወስነው ወፉ የት እንዳለ ብቻ ነው። ስንት እንዳለ የተወሰነው ከወራት በፊት፣ ማንም ጠመንጃ ሳይነካ ነው።

የአዮዋ የዱር እንስሳት ባለሙያዎች ከረጅም ዓመታት መዝገብ ያወጡት ቀላል መለኪያ አለ። ክረምቱን የጣለው በረዶ በድምሩ ከ79 ሴንቲ ሜትር ገደማ ካነሰ፣ የአፕሪልና የሜይ ዝናብም ከ200 ሚሊ ሜትር ገደማ ካነሰ፣ ፌዛንቱ አብዛኛውን ጊዜ ይጨምራል። ሁለቱም ካለፉ ይቀንሳል። ምክንያቱን ማየት ያስፈልጋል። ፌዛንት ብርድ አይገድለውም፤ ስቡ ካለው ሁለት ሳምንት ገደማ ሳይበላ ይቆያል። የሚገድለው በነፋስ የሚነዳ በረዶ ነው። በሰሜን ያሉ አንዳንድ ወፎች በረዶው ውስጥ ገብተው ሲቀበሩ፣ ፌዛንት ሜዳ ላይ ከተያዘ ፊቱን ወደ ነፋሱ አድርጎ ይቆማል፤ የበረዶው ብናኝ አፍንጫውንና አፉን ይደፍነውና ታፍኖ ይሞታል። በፊላ ውስጥ ወይም ገበሬው ነፋስ ይከላከልልኝ ብሎ በተከለው የዛፍ መስመር ሥር ያለው ይተርፋል።

የጸደዩ ዝናብ ሥራ ደግሞ ሌላ ነው። ሴቷ ሳር ውስጥ መሬት ላይ አሥራ ሁለት ያህል እንቁላል ጥላ 23 ቀን ትታቀፋለች፤ አብዛኛው ጫጩት የሚፈለፈለው ጁን አጋማሽ ላይ ነው። ጫጩቱ በመጀመሪያ ሳምንቶቹ የራሱን ሙቀት መጠበቅ አይችልም፤ ከረጠበና ከበረደ ያልቃል። የሚበላውም ነፍሳት ነው። ጎጆዋ በጎርፍ ከጠፋ ሴቷ እንደገና ትጥላለች፤ ሁለተኛው ግን በቁጥር ያነሰና የዘገየ ነው። ውጤቱ ኦክቶበር ላይ ይታያል፤ ዘግይተው የተፈለፈሉ አውራዎች በመክፈቻው ቀን ላባቸው ገና አልቀለመም፤ ከእናታቸው ለመለየት ያስቸግራሉ፣ ጥንቁቅ አዳኝም ሳይተኩስ ያሳልፋቸዋል። ጎጆው በአልፋልፋ ማሳ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ጠላቱ ዝናብ ሳይሆን ማጨጃው ነው። የመጀመሪያው የአልፋልፋ አጨዳ ልክ መታቀፊያው ሰሞን ይደርሳል፤ ሴቷ እንቁላሏን ትታ አትነሣም፣ ምላጩ እላይዋ ላይ ይደርሳል።

አዮዋ የዚህን ሁሉ ውጤት የምትቆጥረው ኦገስት ላይ ነው። ሠራተኞቿ እያንዳንዳቸው 48 ኪሎ ሜትር በሚረዝሙ ከ200 በላይ መስመሮች ማለዳ በዝግታ ይነዳሉ፤ የሚመርጡት ጤዛ የከበደበትን ማለዳ ነው። እናትየዋ ጫጩቶቿን ከረጠበው ሳር አውጥታ ጠጠሩ መንገድ ላይ ታደርቃቸዋለችና። እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2011 ክረምቱ በተከታታይ ሲከፋና ጸደዩ ሲረጥብ፣ በአንድ ወቅት በዓመት ከሚሊዮን በላይ አውራ ይታደንባት የነበረችው አዮዋ ወደ 100 ሺህ ገደማ ወረደች። አዳኞቹ አይደሉም የጨረሱት።

አየሩን ብቻ መክሰስም ግን ተገቢ አይመስለኝም። መጥፎ ክረምት ሁልጊዜም ነበረ፤ ወፉ የሚመለሰው ሳር ካገኘ ነው። በ1985 የወጣው የእርሻ ሕግ ለመሸርሸር የተጋለጠ መሬቱን ለአሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ሳር ለሚያለብስ ገበሬ ኪራይ የሚከፍል ፕሮግራም አቋቋመ፤ ሲአርፒ ይሉታል። በ2007 በመላ አገሪቱ ወደ 15 ሚሊዮን ሄክታር ተመዝግቦ ነበር፤ በዚያው ዓመት በሳውዝ ዳኮታ ከ2 ሚሊዮን በላይ አውራ ታደነ። ከዚያ የበቆሎ ዋጋ ናረ፤ ውሉ ያለቀበት ገበሬ ሳሩን ገልብጦ አረሰ። ማንም ሊወቅሰው አይችልም፤ ኪራዩ ከበቆሎው ዋጋ ጋር አይወዳደርም ነበር። በ2012 ድርቅ፣ በ2013 ደግሞ ቀዝቃዛና እርጥብ ጸደይ ሲከተል፣ የሳውዝ ዳኮታ የኦገስት ቆጠራ ከቀደመው ዓመት 64 በመቶ ወደቀ። አገረ ገዢው በዚያው ዓመት ዲሴምበር በሂውረን ጉባኤ ጠሩ፤ የጉባኤው ርዕስ አደን አልነበረም፣ የወፉ መኖሪያ እንጂ። ግዛቲቱ ከ2019 በኋላ ያንን ቆጠራ ተወችው። እኔ ብጠየቅ አትተዉት እል ነበር፤ መጥፎ ቁጥር ጎብኚ ያስቀራል ብሎ መፍራት ይገባኛል፣ ግን ያልተቆጠረ ወፍ አይበዛም።

በሳውዝ ዳኮታዋ ሱ ፎልስ ከተማና በአካባቢዋ የሚኖሩ፣ ብዙዎቹ በስጋ ፋብሪካ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደሉም። ኦክቶበር ላይ ከተማዋ በጠመንጃ ሳጥንና በውሻ ማጓጓዣ ስትሞላ ምክንያቱ ይኸው ነው። ለመሞከር የሚያስብ ካለ፣ ፈቃድ ከማውጣቱ በፊት የሰኞውን ሪፖርት ይመልከት። የበቆሎው አጨዳ 80 በመቶ ሳይደርስ ባይቸኩል ይሻለዋል። የግል መሬት ከሆነ ገበሬውን በአካል ሄዶ ይጠይቅ፤ ኮምባይነር ላይ ሳለ ግን አይሁን። ግዛቲቱ ለገበሬው ከፍላ ለእግረኛ አዳኝ ያስከፈተቻቸው መሬቶችም አሉ፣ በካርታ ላይ ተመልክተዋል።

ከ2020 ጀምሮ የሳውዝ ዳኮታ የአደን ወቅት እስከ ጃንዋሪ 31 ተራዝሟል። ይህን የፈሩ ነበሩ፤ ነገር ግን የሚገደለው አውራው ብቻ ስለሆነ በዘሩ ላይ ያመጣው ጉዳት አይታይም። ትልቁ ስጋት በከባድ በረዶ ሴቶቹን ከመጠጊያቸው እያስነሡ ማባረር ነው፤ አስተዋይ አዳኝ በዚያ ሰሞን ውሻውን ቤት ያስቀራል። በዚያው በጃንዋሪ ገበሬው ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ የዘር ካታሎግ ዘርግቶ ያሰላል፤ በ85 ቀን የሚደርሰውን በቆሎ ይዝዝ ወይስ ምርቱ የሚበልጠውን፣ ግን 105 ቀን የሚፈጀውን? የሚቀጥለው ኦክቶበር ሦስተኛው ቅዳሜ ምን እንደሚመስል ግማሹ የሚወሰነው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ቀሪውን ዝናቡ ይጨርሰዋል።